በመጸው የእግር ጉዞ፦ አበባን በቅጠሉ መለየት



የመስከረም ዝናም ሲሳሳ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልጆችን ከክፍል አውጥተው በሜዳ ማስተማራቸው የተወደደ ልማድ ነው። በባሕር ዳር፣ ስሙን ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከወረሰው ከፔዳ ተነሥቶ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወይም ወደ ጣና ዳር መጓዝ ለዚህ ይስማማል፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ግን አይዘንጋ። ብዙዎቻችን ይህን ወራት ጸደይ እንለዋለን። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ እስከ ኅዳር 5 ያሉት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናትም ዘመነ ጽጌ ይባላሉ።

ለልጆች ቢጫ አበባ ሁሉ ዐደይ ይመስላቸዋል። እኛም ከዚህ ስሕተት የዳንነው ዘግይተን ነው። ዐደይን ከመች የሚለየው ቅጠሉ ነው፤ የዐደይ ቅጠል እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ የመች ግን ሳይሰነጠቅ ግንዱን አቅፎ ይበቅላል። መች ሳይዘሩት በእርሻ መካከል የሚወጣ የኑግ ዘመድ ነው። የዐደይ የቅርብ ዘመድ ደግሞ የሰይጣን መርፌ ነው፤ ዘሩን ልጆች ሳያውቁት በልብሳቸው ጠርዝ ተሸክመው ቤት ይገባሉ።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው አበባ ግን የሚገኘው በውኃው ላይ ነው። ሐምራዊ ነው፤ ከላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው፤ የቅጠሉ አገዳ አብጦ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። እምቦጭ ነው። በአንድ ጉዟችን ከልጆቹ አንዲቱ ማዕበል ያመጣውን አንድ ተክል ከነሥሩ በጣሳ ይዛ፣ ከቤቷ ጓሮ ባለው ምንጭ ልትተክለው መጣች። ውበቱን አይተን አመሰገንናት! ያስቆሙን በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ናቸው።

ይህ አረም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ እጅግ የበዛውም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። አንዱ ተክል ቅርንጫፍ እየዘረጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቈያል። የውኃውን ገጽ ሲሸፍን ዓሣው አየር፣ ታንኳውም መንገድ ያጣል።

ስለዚህ መምህራን ከጉዞው በፊት እምቦጭን በሥዕል ያሳዩ፤ ልጆችም ቢያገኙት ለታላላቆቻቸው ይጠቁሙ እንጂ ወደ ሌላ ውኃ አይውሰዱት። ያቺ ልጅ ዛሬ ከደንገሉ መካከል እምቦጭን ቀድማ የምታየው እርስዋ ናት፤ ለእቅፏም ዐደይ ትለቅማለች።