ጾሙ ሳይጓደል ልብ ሲጓደል

ጥያቄ፦ ከካራቆሬ የምጽፍ ገበሬ ነኝ። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምንም 55 ቀን አጓድዬ አላውቅም። ከወንድሜ ጋር ግን በማሳ ድንበር ተኳርፈናል፤ ማሽላ ላጨደልኝ የቀን ሠራተኛም የጉልበቱን ዋጋ አልከፈልኩም። ባለቤቴ «ጾምህ ምን ሊረባህ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጾምዎ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ባለቤትዎ የነኩት ግን ትልቅ ነገር ነው። ሰዓትና ምግብ ይቆጠራሉ፤ ፍቅር አይቆጠርም። ሰውም የሚቆጠረውን ፈጽሞ ልቡን ያሳርፋል። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ እንደ እርስዎ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ቀራጩ ነው። ጌታ በማቴዎስ 23 ፈሪሳውያን አሥራት ማውጣታቸውን አልነቀፈም፤ ፍርድንና ምሕረትን መተዋቸውን እንጂ። ኢሳይያስ 58 ደግሞ ሠራተኛን እያስጨነቁ መጾምን በቀጥታ ይወቅሳል።

ከሠራተኛው ይጀምሩ፤ ዘዳግም 24 ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዛል። ለወንድምዎ ሽማግሌ ይላኩ። የድንበሩ ነገር ጊዜ ቢወስድም (ይወስዳልም) ሰላምታው እስከዚያ መቆየት የለበትም። ሽማግሌ ካልፈታው የወረዳውን መሬት አስተዳደር ይጠይቁ። ልብዎን ግን ለንስሐ አባትዎ ይግለጡ፤ ቀኖናውን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።