«ጧ!» እንዳይል

ነይ እስኪ ሚጣዬ፣ ላፕቶፑን ወደኔ አዙሪው። የሊኑክስ አምፕሊፋየር ድራይቨር ነው እንድትመረምሪው የሰጡሽ? በይ «ይለፍ» ለማለት አትቸኩዪ።

መጀመሪያ የማብሪያና የማጥፊያውን ቅደም ተከተል ፈልጊ። አምፕሊፋየር ሲነሳ ድምፁ ታፍኖ ይነሳል፣ ኤሌክትሪኩ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ሲጠፋ ቀድሞ ይታፈናል። ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚጠበቅ ዳታሺቱ ላይ አለልሽ፤ በግምት የተጻፈ ቁጥር ካየሽ ኮዱን የጻፈውን ልጅ ከየት እንዳመጣው ጠይቂው። ይህ ከተዛባ ስፒከሩ «ጧ!» ይላል። የሌላ አገር ሰው ፊቱን ቋጠር አድርጎ ያልፈዋል። እኛ አሽቀሎን ግቫት ጺዮን ያለነው ግን የሮኬት ሳይረን ሲጮህ በ30 ሰከንድ ሚክላት (መጠለያ) ለመግባት ስንሮጥ የኖርን ነን። ያን ጊዜ ሰርጉ ላይ ዲጄው አምፕሊፋየሩን ሲያበራ «ጧ!» ሲል እማማ ሳህናቸውን ጥለው ጠረጴዛ ሥር ሲገቡ አላየሽም? ሳቅን፤ ከሥር ሲወጡ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ስናይ ግን ዝም አልን።

የድምፅ መጠኑን ደግሞ በደንብ እዪው። 0 ሁልጊዜ ዝምታ እንዳይመስልሽ። አንዳንዱ ቺፕ የሚቆጥረው ቅነሳውን ስለሆነ 0 ማለት ምንም ያልተቀነሰ፣ ሙሉ ድምፅ ነው። ጸሐፊው መገልበጫውን ከረሳ ሰው ቀነስኩ ሲል ይጮህበታል። ሊኑክስ ደግሞ አንዱን ዴሲቤል መቶ ቦታ ከፍሎ ነው የሚቆጥረው፤ የግማሽ ዴሲቤል እርምጃ 50 ተብሎ ይጻፋል። ልጁ እዚህ ጋ 5 ብሏል፤ አየሽው?

ይቺኛዋ እኔንም ሁለቴ አምልጣኛለች፦ መጠኑን የሚቀይረው ፈንክሽን፣ እውነት ከተቀየረ 1፣ ካልተቀየረ 0 ይመልሳል። ዝም ብሎ 0 ከመለሰ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ለውጡን አይሰሙም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ማስተካከያ ባለበት ደርቆ ይቀራል።

የስህተት መውጫዎቹን አንድ በአንድ ተከተያቸው። ኃይል ከፍቶ ሳይዘጋ የሚወጣ ካለ መልሺለት።

ስትጽፊለት ኮዱን ነው እንጂ ልጁን አትቆጪ፣ የኔ ማር። መስመሩን ጠቁሚ፣ ዳታሺቱ የሚለውን አስቀምጪለት። በክፍት ቦታና በመስመር ርዝመት ግን አትነታረኩ፤ ለዚያ ቼክፓች የሚባል መፈተሻ አለ።

ኧረ ሳትሞክሪውም እንዳታሳልፊው! ቦርዱ ላይ ጫኚና አሥር ጊዜ አብሪው፣ አጥፊው። ብቻ ድምፁን ከታች ጀምሪ፤ እማማ ገና አሁን ነው የተኙት።