ጥበብን ፍለጋ ከቤት ስለሚወጡ ሰዎች

ደመወዙ የታወቀ ሥራ ሳለለት፥ ፍጻሜው በማይታወቅ የጥበብ መንገድ፥ በሥዕል ወይም በዜማ፥ በቅኔ ወይም በድርሰት ለመኖር የሚቆርጥ ሰው በየዘመኑ አይታጣም። ወላጆች ይህን ባዩ ጊዜ ይጨነቃሉ፤ ወደ ንስሓ አባታቸውም መጥተው «ልጃችንን ይምከሩልን» ይላሉ። ነገር ግን ከምክር በፊት ሰውን ወደዚህ መንገድ የሚያወጣው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መከልከልም ሆነ መፍቀድ፥ ደዌውን ሳይለዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነውና።

ገንዘብ ነው እንዳንል፥ ገንዘብን የሚሻ ሰው ከዚህ የቀና መንገድ አያጣም። ዝናን መውደድ ነው ብንል፥ በአንዳንዱ ዘንድ እውነት ነው፤ ሆኖም ዝናን መመኘት ብቻውን የረኃቡን ዘመን አያሻግርም። ከእነዚህ ይልቅ የሚበረታ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ሥራው ራሱ ለሠሪው ዋጋ ሲሆንለት ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የቅኔ ተማሪን እንመልከት። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከወላጆቹ አገር ርቆ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ከየደጁ ውሻ ጋር ይታገላል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ የመወድስን ስምንት ቤት እስኪሞላ ድረስ ብዙ ይደክማል፤ የደከመበትንም ለመምህሩ ሲነግር ይታረምበታል፥ ይጣልበታልም። ተሳክቶለት እንኳ በማኅሌት ከተቀኘ በኋላ ያው ቅኔ ለሌላ ቀን አይመለስም፤ ለሚመጣው በዓል አዲስ ያሻዋል። ስንቱ ቅኔ ሳይጻፍ ቀርቶ ከባለቤቱ ስም ጋር አልፏል! እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስታገሠው ሰምና ወርቁ በአንድ ቃል ሲገናኙለት የሚያገኘው ደስታ፥ ቃሉንም ለአምላኩ ምስጋና ማቅረቡ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የቅዱስ ያሬድም ነገር እንዲሁ ነው። በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ቢለው ከአጎቱ ከጌዴዎን ቅጣት ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል እየወደቀች እየተነሣች ወደ ላይ ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። ኋላም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ በምስጋናው ተመስጦ አልተሰማውም። ንጉሡ የወደደውን እንዲለምን በፈቀደለት ጊዜ፥ የለመነው ሹመት ሳይሆን ወደ ገዳም ለመሄድ መሰናበትን ነበር።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል አዘንብለው ለንደን በሚገኘው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ሜትር ካሬ የባለ ቀለም መስታወት ሥዕል ለአገራቸው ትተው በ2012 ዐረፉ። ይሁን እንጂ የተሳካላቸውን ብቻ ቆጥረን፥ ደክመው ስማቸው ያልተነሣውን ብዙዎች እንዳንረሳ።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር ሁለት ሚዛን ሰጥቶናል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የተወቀሰው አገልጋይ ነግዶ የከሰረ ሳይሆን፥ ፈርቶ መክሊቱን የቀበረ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ደግሞ ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ታዝዟል። እንግዲያስ ፍርሃት መክሊትን እንዳያስቀብር፥ ድፍረትም ግንቡን ከመሠረቱ እንዳያስቀር ሁለቱን አስማምቶ መያዝ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ የእጅ ሥራው ስብከቱን አላዋረደበትም። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ይህን አብዝቶ ሊያስብ ይገባዋል፤ የቤተ ሰብ ረኃብ የጥበብ መሥዋዕት አይደለምና።

ስለዚህ ወጣቱ ለምክር ሲመጣ እንዲህ እንጠይቀው፦ የሚያይህና የሚያመሰግንህ ባይኖር ትሠራዋለህን? መምህር ሲያርምህ ትታገሣለህን? እስኪሳካልህስ ድረስ የምትበላውን አስበሃልን? ለሦስቱም የሚበቃ መልስ ያለውን መከልከል፥ ባስልኤልን ለማደሪያው ድንኳን ሥራ በጥበብ የሞላውን አምላክ ስጦታ መግፋት ይሆናል። መልስ ያጣውንም ገና ጊዜ ስጠው እንበለው እንጂ አናሳፍረው።

የቀረ አንድ ነገር አለ። የቅኔ ተማሪው የተራበው ብቻውን ቢሆንም፥ የኖረው ብቻውን አልነበረም። ስሙን ሳትጠይቅ በአኩፋዳው ቁራሽ የጣለችለት እናት የቅኔው ተካፋይ ናት፤ የአንዱን ሥጋት አገሩ ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ተሸክሞለታልና። እኛስ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ለሚሥለው፥ ለሚደርሰውና ለሚያዜመው ምን እንጥልለታለን? ዋጋውን በጊዜው ሳንከፍል፥ የድካሙን ፍሬ ብቻ እያደነቅን፥ ልጃችን በመንገዱ እንዳይሄድ የምናስፈራራ እንደ ሆነ መንገዱን ያከፋነው እኛው ነን። መክሊትን የሰጠ አምላክ ለተቀባዩ ትዕግሥትን፥ ለእኛም የሚዘረጋ እጅን ያድለን፤ አሜን።