የመኪና ፍጥነት መለኪያና እውነተኛው ፍጥነት

የፍጥነት መለኪያው መርፌ 80 ላይ ቆሞ ሳለ መኪናው በእውነቱ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሄድ ይገኛል። ይህ ልዩነት ለብዙዎች ብልሽት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካው ታስቦ የተደረገ ነው። መኪናና ጎማ ለሚያስመጣ፣ ዕቃውንም በኪሎ ሜትር ሒሳብ ለሚያስጭን ነጋዴ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅመዋል።

መለኪያው የሚቆጥረው የመንኰራኵሩን መዞር እንጂ መንገዱን አይደለም። ኦቶ ሹልትሰ የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የፈጠራ መብት ባገኘበት መሣሪያ፣ ከካምቢዮ የሚነሣ የሽቦ ገመድ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱም ሳይነካው በአጠገቡ ያለውን የብረት ቆብ ይጎትታል፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ቆቡን ይገታዋል። መርፌው የሚቆመው ሁለቱ ኃይሎች በተመዛዘኑበት ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተክቶታል፤ መሠረቱ ግን ያው የመንኰራኵር መዞር ነው።

የጎማ ዙሪያ ደግሞ አንድ ሆኖ አይቆይም። ቁጥሩ 195/65/15 የሆነ ጎማ ጥርሱ ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 1.6 ሲያልቅ፣ ዙሪያው ከመቶ 2 እጅ ያህል ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ልዩነት አሽከርካሪውን ለአደጋ እንዳይዳርገው፣ የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ቁጥር 39 መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ ይከለክላል። ከፍ ብሎ ቢያሳይም፣ ብልጫው ከእውነተኛው ፍጥነት ዐሥረኛ እጅና ከ4 ኪሎ ሜትር ድምር እንዳያልፍ ይወስናል። ስለዚህ መኪናው በ80 ሲሄድ መርፌው እስከ 92 ቢያሳይ ደንቡን አልጣሰም።

ጉዳት የሚመጣው ባለመኪናው ከታዘዘው የሚበልጥ ጎማ ሲያስገባ ነው። በ195/65/15 ፈንታ 205/70/15 ቢገባ፣ ዙሪያው ከመቶ 5 እጅ በላይ ያድጋል። መርፌው ከሕግ በታች እያሳየ መኪናው ከሕግ በላይ ሊሄድ ይችላል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም 1,000 ሲጽፍ የተኬደው 1,050 ያህል ይሆናል፤ በመቁጠሪያው የሚከፈለው አጓጓዥ የ50 ኪሎ ሜትር ዋጋ ያጣል፤ መኪናውም ያለ ጥፋቱ ቤንዚን የሚያበዛ ይመስላል።

ፈተናው ቀላል ነው። የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት ቀጥተኛ መንገድ መርፌው 80 ላይ ጸንቶ ሳለ፣ ረዳቱ ሰዓት ይያዝ፤ 10 ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ተኩል ከተፈጸመ መለኪያው ልክ ነው፤ 8 ደቂቃ ከፈጀ እውነተኛው ፍጥነት 75 ነው። ጎማ አስመጪውና ባለሱቁም ከመሸጣቸው በፊት የጎማውን ቁጥር በመኪናው በር አጠገብ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ቢያስተያዩ፣ ደንበኛቸውን ከኪሳራና ከአደጋ ያድናሉ።