የፔርሙዝ አሠራር

ምንባብ

ቀጥሎ የቀረበውን ጽሑፍ በመጀመሪያ በጸጥታ፣ ከዚያም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ በግርጌ ያሉትን መልመጃዎች ሥሩ።

በክረምት ማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው «ብርድ ገባኝ» ይላል። አነጋገሩ ብርድን ከውጭ እንደሚመጣ እንግዳ አድርጎ ያቀርበዋል። በአማርኛነቱ ምንም ነቀፋ የለበትም፤ በተፈጥሮ ሕግ ሲመረመር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ወደ ሰውየው የገባ ብርድ የለም፤ ከሰውየው የወጣ ሙቀት ነው ያለው። ሙቀት ምን ጊዜም ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው ይጓዛል፤ ጉዞውም የሚያበቃው የሁለቱ ግለት እኩል ሲሆን ነው። ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ሻይ የሚበርደውና ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ውኃ የሚሞቀው በዚሁ በአንድ ሕግ ነው። እንግዲህ ፔርሙዝ፣ አንዳንዴም ቴርሞስ የምንለው ዕቃ ትኩሱን ትኩስ፣ ቀዝቃዛውንም ቀዝቃዛ አድርጎ ማቆየቱ ሊያስደንቀን አይገባም። ዕቃው ሙቀትም ብርድም አይሠራም። የሙቀትን መንገድ ይዘጋል፤ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ወጪም ገቢም የለም።

የሙቀት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በንክኪ የሚተላለፍበት ነው፤ በፈላ ሻይ ውስጥ የተተወ የብረት ማንኪያ እጀታው ሳይቀር የሚፋጀው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ፍሰት ነው፤ የሞቀ አየር ወይም ውኃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ በምትኩም ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ ሙቀቱ ከሚፈስሰው ነገር ጋር አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው ጨረር ነው። ይህ ተሸካሚ አያስፈልገውም። የፀሐይ ሙቀት ባዶውን ሕዋ አቋርጦ የሚደርሰን፣ ከምድጃ ፊት ስንቀመጥም ጀርባችን እየበረደው ፊታችን የሚሞቀው በጨረር ነው። አንድ ዕቃ ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱን ብቻ ቢዘጋ፣ ሙቀቱ በሦስተኛው ሾልኮ ይወጣል።

አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ሁለት ድርብ ከሆነው ነጠላ ይልቅ የሚያሞቀው ጥጡ በራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም። በድርቦቹ መካከልና በክሩ ውስጥ አየር ታግቶ ስለሚቀር ነው፤ የቆመ አየር ሙቀትን በንክኪ የሚያስተላልፈው በጣም ቀስ ብሎ ነውና። ይሁን እንጂ አየር ትንሽም ቢሆን ማስተላለፉ አይቀርም፤ ሰፊ ቦታ ካገኘም ይፈስሳል። ከአየር የሚሻለው አየርም ሌላም ነገር የሌለበት ባዶ ቦታ ነው።

ይህን ሐሳብ በዕቃ መልክ የሠራው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ኬሚስት ጄምስ ዴዋር ነው። ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ይሠራ የነበረው ይህ ሰው የሻይ ጉዳይ አላሳሰበውም። ይመራመር የነበረው ጋዞችን በብርቱ ቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት በመለወጥ ላይ ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ በተራ ብርጭቆ ሲቀዳ የክፍሉ ሙቀት ብቻ እንደ እሳት ሆኖ ያፈላውና ወዲያው ተንኖ ያልቃል። ዴዋር በ1892 እ.ኤ.አ. አንዱን ብርጭቆ በሌላው ውስጥ አስገብቶ አፋቸውን አጋጠመ፤ በመካከላቸው ያለውንም አየር አስወጣ። በንክኪና በፍሰት የሚሄደው ሙቀት ተሸካሚ አጣ። ጨረር ግን ባዶ ቦታን ከመሻገር የሚያግደው ስለሌለ፣ ግድግዳዎቹን በብር ቀብቶ እንደ መስተዋት አደረጋቸው። መስተዋት ብርሃንን እንደሚመልስ ሁሉ፣ ብር የተቀባው ግድግዳ የሙቀትን ጨረር ወደ መጣበት ይመልሳል።

ዴዋር ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም። በጀርመን አገር ራይንሆልድ ቡርገር የተባለ የብርጭቆ ሥራ ባለሙያ ግን ዕቃው ለቤት ሊያገለግል እንደሚችል አስተዋለ፤ ተሰባሪውንም ብርጭቆ በብረት ሽፋን ውስጥ አኑሮ በ1903 እ.ኤ.አ. መብቱን አስመዘገበ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሙቀትን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል የተወሰደው «ቴርሞስ» የሚለው ስም ወጣለት። ዴዋር ፍርድ ቤት ቢሄድም አልረታም። የሳይንስ ሰዎች ዛሬም ዕቃውን በዴዋር ስም ይጠሩታል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ሌላ ሄደ።

ባዶ ቦታ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ በፔርሙዝ የተቀመጠ ሻይ በመጨረሻ ለምን ይበርዳል? ጥፋቱ ያለው አንገቱ ላይ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች እዚያ ስለሚገናኙ ሙቀት ብርጭቆውን ተከትሎ በንክኪ ይወጣል፤ ክዳኑም ቡሽ ወይም ፕላስቲክ እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም። ስለሆነም ጥሩ ነዳፊ አንገቱን ያጠብባል። ዕቃው ከማይዝግ ብረት ሲሠራም፣ ብረት ከብርጭቆ ይበልጥ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ በአንገቱ አካባቢ ብረቱን ያሳሳዋል። መጠንም ለውጥ ያመጣል፤ ቁመቱም ወርዱም በእጥፍ ያደገ ዕቃ የሚይዘው ሻይ ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ ሙቀት የሚወጣበት ገጹ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። በቤታችሁ ያለውን ፔርሙዝ ለመፈተን ብትፈልጉ የፈላ ውኃ ሞልታችሁ ከድኑትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎኑን ዳስሱ። ጎኑ ከሞቀ በግድግዳዎቹ መካከል አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ዕቃ ከእንግዲህ ከተራ ጠርሙስ ብዙ አይሻልም።

እንስራ የሚከተለው ዘዴ ፈጽሞ ሌላ ነው። እንስራ ሙቀትን አያግድም፤ ይልቁንም ያስወጣል። ውኃው በሸክላው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያልባል፤ ላቡም ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ይወስዳል። ከአንድ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ብቻ ቢተንና ሙቀቱን ሁሉ ከቀሪው ውኃ ቢወስድ፣ የውኃው ግለት ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ ግን ደረቅ አየር ያስፈልጋል። በደጋው በበጋ ወራት ደኅና አድርጎ የሚያቀዘቅዝ እንስራ፣ አየሩ እርጥበት በሚበዛበት እንደ ምጽዋ ባለ የባሕር ዳርቻ ከተማ እምብዛም አይረዳም።

ፔርሙዝ የተሰጠውን ጠባቂ እንጂ ለጠጪው የሚበጀውን መራጭ አይደለም። ለብ ያለውንም ለብ እንዳለ ያቆያል። ጀርሞች ለብ ባለ ነገር ውስጥ በፍጥነት ይራባሉ፤ ስለዚህ ለሕፃን የተበጠበጠ የዱቄት ወተት በፔርሙዝ ይዞ መዋል አደገኛ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከ70 ዲግሪ ያላነሰ ትኩስ ውኃ በፔርሙዝ፣ ዱቄቱንም ለብቻው ይዞ ሄዶ በመመገቢያው ሰዓት መበጥበጥን፣ ከዚያም አብርዶ መስጠትን ነው። እጅግ የጋለ መጠጥም የራሱ ጉዳት አለው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥ መጠጣትን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ነገሮች መካከል መድቦታል፤ የተጠቀሰውም የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ መንስኤው አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ይህ በሽታ ከሚበዛባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው።

በመሆኑም ነዳፊዎች መጠጡን ከማቆየት አልፎ ወደሚጠጣበት ግለት የሚያወርድ ኩባያ ሠሩ። በውስጠኛው ግድግዳና በባዶው ቦታ መካከል፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ሰም ያኖራሉ። ሰም በሚቀልጥበት ጊዜ የራሱ ግለት ሳይጨምር ብዙ ሙቀት ይውጣል፤ ሲረጋም ያንኑ መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ የፈላው ቡና በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሊቀዘቅዝ ሲል ሰሙ እየረጋ ያሞቀዋል። ሒሳቡ ግን ቀላል ሸክም አይደለም። 200 ግራም ቡና ከ90 ወደ 60 ዲግሪ ለማውረድ 6000 ካሎሪ መውሰድ ያስፈልጋል። አንድ ግራም ሰም ለመቅለጥ 50 ካሎሪ ያህል ቢፈልግ፣ 120 ግራም ሰም ያሻል ማለት ነው፤ ይህም ከቡናው ክብደት ግማሽ ይበልጣል። ሰም ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ፣ ቡናው አጠገብ ያለው ቀልጦ የራቀው እንደረጋ እንዳይቀር በስሱ መዘርጋት ወይም የብረት ክንፎች በመካከሉ ማስገባት ግድ ይሆናል። ከጀበና እየተቀዳ ለሚጠጣ ቡና ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ አፏ ሰፊ የሆነችው ትንሽ ሲኒ ቡናውን ያለ ሰም ታበርደዋለች። ሌሊቱን ሙሉ ለሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ግን ሲኒ አይሆነውም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጻፉ፤ በየራሳቸውም ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
ግለት፣ ጨረር፣ ነዳፊ፣ ለብ ያለ፣ ይሾልካል

ለ. ጥያቄዎች
1. «ብርድ ገባኝ» የሚለው አነጋገር ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የማይስማማው ለምንድን ነው? ይህን የመሰሉ ሌሎች ሁለት አነጋገሮች ጥቀሱ።
2. ዴዋር ብርጭቆዎቹን በብር ባይቀባ ኖሮ ሙቀቱ በየትኛው መንገድ ይወጣ ነበር?
3. እንስራና ፔርሙዝ ውኃን ቀዝቃዛ አድርገው የሚያቆዩበትን ዘዴ በአንድ አንቀጽ አነጻጽሩ።
4. 300 ግራም ሻይ ከ85 ወደ 60 ዲግሪ ለማውረድ ስንት ግራም ሰም ያስፈልጋል? ኩባያውን ለተማሪ የምትነድፉ ብትሆኑ ይህን ክብደት ትቀበሉት ነበርን? ምክንያታችሁን አስረዱ።