ለሕዝብ ድርጅት መሸጥና ጥቅሙ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ተማሪ ቤት፣ ሐኪም ቤትና ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልጋቸውን እህልና ዕቃ ከቅርብ ገበሬ ሲገዙ የሚገኘውን ጥቅም ነው።

የእንጅባራ ገበሬ ድንቹን በሚያወጣበት ሰሞን ጎረቤቱም ሁሉ ያወጣል። ገበያው ይሞላል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ድንችም እንደ ጤፍ በጎተራ የማይቆይ ስለሆነ ገበሬው ደላላው የሰጠውን ተቀብሎ ይመለሳል። የዳንግላም ገበሬ በቆሎውን በአጨዳ ወራት በርካሽ ሸጦ፣ ክረምት ሲገባ ለቤቱ ቀለብ በውድ ይገዛል። ይህ የሚሆነው ገበሬው ስለሰነፈ ሳይሆን አስቀድሞ የታወቀ ገዢ ስለሌለው ነው።

የሕዝብ ድርጅት ግን የሚፈልገውን አስቀድሞ ያውቃል። ለምሳሌ 300 ልጆች የሚመግብ ተማሪ ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን 150 ግራም ድንች ቢሰጥ፣ በቀን 45 ኪሎ፣ በ180 የትምህርት ቀን ደግሞ 81 ኩንታል ያስፈልገዋል። ይህን ከአካባቢው ቢገዛ የመኪና ኪራይና የነዳጅ ወጪ ይቀንሳል። ገበሬው በገንዘቡ ለልጁ ደብተር፣ ለቤቱ ጨውና ልብስ ይገዛል፤ ገንዘቡም በወረዳው ውስጥ ይዘዋወራል። ልጁም ወላጆቹ ያመረቱትን በልቶ ይማራል።

ይህ በሌላ አገር ተሠርቶበታል። ብራዚል በ2001 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ለተማሪዎች ምግብ ከሚመደበው የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ መግዣ እንዲሆን አዘዘች። በዚያው ዓመት የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከትናንሽ ገበሬዎች እህል የመግዛት ዕቅድ ለ20 አገሮች አወጣ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በአገራችን የገበሬዎች ዩኒየኖች በቆሎ ለማስረከብ አስቀድመው ውል ፈረሙ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ውሉን እንደ ዋስትና ተቀብሎ አበደራቸው፤ በብድሩም የአባሎቻቸውን እህል ገዙ።

እንግዲህ ገበሬው ምን ያድርግ?

1ኛ/ ለብቻ አይቅረቡ። አንድ ገበሬ 81 ኩንታል ድንች ዓመቱን ሙሉ ሊያቀርብ አይችልም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ይችላል። ደቦ ለአጨዳ እንደሚጠቅም፣ ማኅበርም ለሽያጭ ይጠቅማል።

2ኛ/ ጥራቱን ይጠብቁ። ድንች ከመቆፈሩ ከ10 እስከ 15 ቀን በፊት አገዳው ቢታጨድ ልጡ ይጠነክራል። ብርሃን መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ድንች ግን ለምግብ አያቅርቡ፤ መርዝነት አለው። በቆሎም በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ አይብለጥ። ጆንያውንም በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርድሩ።

3ኛ/ ውልዎን ያክብሩ። የገበያው ዋጋ ከውሉ ከፍ ሲል እህሉን ለሌላ መሸጥ ያጓጓል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ በቀኑ ካላስረከበ ባለብድሩ ይጠይቀዋል፤ ገዢውም በሚመጣው ዓመት ወደ ሌላ ይሄዳል። የአንድ ቀን ትርፍ የብዙ ዓመት ደንበኛ ያሳጣል።

4ኛ/ መሬቱንና ደኑን ይጠብቁ። የአዊ ደጋ በቀርከሃ የታወቀ ነው። መሥሪያ ቤቶች ወንበርና መደርደሪያ ከአካባቢው ባለሙያ ቢገዙ ወጣቱ ሥራ ያገኛል። ነገር ግን ሦስት ዓመት የሞላውን ብቻ ቆርጦ ለጋውን መተው ይገባል፤ አለዚያ ቀርከሃውም ሥራውም አብረው ያልቃሉ።

የልማት ሠራተኛም ድርሻ አለው። የተማሪ ቤቱንና የሐኪም ቤቱን የዓመት ፍላጎት ከመዝራት በፊት ጠይቆ ለማኅበሩ ያስታውቅ። የጨረታውን ማስታወቂያ ማንበብ ለማይችል ገበሬ ያንብብለት፤ የማስረከቢያውን ቀን፣ የሚፈለገውን ጥራትና ክፍያው የሚፈጸምበትን ጊዜ ያስረዳው። ክፍያ ከዘገየ ድሃው ገበሬ ወደ ደላላው ይመለሳልና፣ ይህ ነገር ከውሉ በፊት ተጣርቶ ይጻፍ። በማሳ የሚሠሩት ሴቶችም በማኅበሩ ተመዝግበው ከክፍያው በስማቸው እንዲያገኙ ይምከር።

ገዢዎችም ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ አይመልከቱ። ከሩቅ የመጣና በመንገድ የበሰበሰ ድንች ርካሽ አይደለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በቀበሌያችሁ አጠገብ ምግብ የሚገዛ የሕዝብ ድርጅት የትኛው ነው? በዓመት ስንት ኩንታል ይፈልጋል?

2. ማኅበራችሁ ይህን ለማቅረብ ስንት አባሎች፣ ምን ዓይነት መጋዘን ያስፈልገዋል?

3. የገበያ ዋጋ ከውሉ ቢበልጥ አባሎች ምን ለማድረግ ይስማማሉ?