ወረቀት የሌለው ገንዘብ፦ በገጠር ቀበሌ ንግድ ለሚጀምሩ

ከገጠር የሚመጡ ባለጉዳዮች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ በአንድ ላይ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ «እኔና ባለቤቴ ከጎረቤት እህል እየገዛን ለወረዳው ከተማ ነጋዴ እናቀርባለን። አሁን ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን በአጎታችን ይዞታ ላይ ወፍጮ ልንተክል ነው። የጎደለውን እንበደራለን። ሕጉ ምን ይለናል?»

መጀመሪያ መብትዎን ይወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በመረጠው ሥራ ተሰማርቶ መተዳደር ይችላል። ሴት ስለሆኑ ወይም ከሌላ ወረዳ ስለመጡ ብቻ ማንም «እዚህ አትነግጂም» ሊልዎ አይችልም። ሊጠየቁ የሚችሉት ለሁሉም የተቀመጠውን ሥርዓት እንዲከተሉ ነው።

ሥርዓቱም እንደሚፈራው አይከብድም። ያመረተውን እህል ወይም ያረባውን በግ ገበያ አውጥቶ የሚሸጥ ገበሬ በዚህ ብቻ ነጋዴ አይባልም። ከሌላ ሰው ገዝተው አትርፈው መሸጥን ሥራዬ ካሉ፣ ወይም የሰው እህል በክፍያ ከፈጩ ግን ነጋዴ ነዎት፤ በ2011 በተሻሻለው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ወደ ወረዳው ገቢዎችና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ሄደው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ ቀጥሎም ፈቃዱን ያወጣሉ። ያለ ፈቃድ መነገድ መቀጮ ብቻ ሳይሆን እስራትም ስለሚያስከትል «ገበያው ይታይና አወጣለሁ» አይበሉ። ፈቃዱ በየዓመቱ እንደሚታደስም አይርሱ።

እውነቱን ለመናገር፣ ፈቃድ ያሰናከለው ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። የገጠሩን ንግድ ሲያፈርስ የማየው በቃል የተሰጠና በቃል የተመለሰ ገንዘብ ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም ሲምል ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ አይረጋገጥም። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በመንደር ውስጥ የሚደረግ ብድር ሁሉ ከዚህ ያልፋል ማለት ይቻላል። ገንዘቡን ሲያበድሩ አሥር ሰው ቢያይ እንኳ ተበዳሪው ከካደ የእነዚያ ሰዎች ምስክርነት ብቻውን አያስፈርድልዎትም። ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ይኸው ደንብ ለአመላለሱም እንደሚሠራ ነው። ከ500 ብር በላይ ዕዳ ከፍለው ደረሰኝ ካልያዙ ወይም የብድር ወረቀቱን ካልተቀበሉ፣ የከፈሉትን ዳግም ሊጠየቁ ይችላሉ። በጎረቤት ፊት የተከፈለ ዕዳ እንደገና ሲከፈል ማየት በጣም ያሳዝነኛል፤ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያድነው ነበርና።

በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራ መፈረም ይችላል። ነገር ግን በአንቀጽ 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያደረገው ፊርማ ወይም አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ይህ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ለመጠበቅ የተቀመጠ ድንጋጌ ነው። ምን እንደተጻፈ ሳይነበብላቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የፈረሙ ሰዎች ውሉን የመቃወም መብት አላቸው። እርስዎም ማንበብ ከማይችል ሰው ጋር ሲዋዋሉ ወረዳ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡት፤ አለዚያ ውሉ በክርክር ጊዜ ላይጠቅምዎ ይችላል።

ከግለሰብ ከተበደሩ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ እንዲሆን መስማማት በሕግ አይፈቀድም። በየወሩ አሥር በመቶ የሚያስከፍል አበዳሪ ከዚህ ወሰን እጅግ ያለፈ ነው። ችግርን መጠቀሚያ አድርጎ አራጣ ማበደር ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። ተበዳሪው አፍሮ ዝም ስለሚል እንጂ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው።

እንደ ፀደይ ባንክ ያሉ ከብድርና ቁጠባ ተቋምነት ያደጉ ባንኮች በቡድን ዋስትና ሲያበድሩ ኖረዋል። እዚያ ሲፈርሙ የራስዎን ብድር ብቻ አይፈርሙም፤ ጓደኛዎ ካልከፈለ እርስዎ ይጠየቃሉ። የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ በቁጥር ካልተገለጸ ዋስትናው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያልተሞላ ቅጽ ላይ አይፈርሙ። ቤት ወይም መኪና የሌለው ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብቱን፣ እህሉን ወይም ወፍጮውን መያዣ አድርጎ መበደር ይችላል። መብቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚያርሱባቸውን በሬዎች ከማስያዝዎ በፊት ከቤተሰብዎ ጋር ቁጭ ብለው ይምከሩ።

ባለትዳር ከሆኑ ብቻዎን አይወስኑ። በትዳር ውስጥ ከሥራ የተገኘ ገቢ በማንም ስም ይያዝ የጋራ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ድርጊቱን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ዝርዝሩን ከክልልዎ ሕግ ጋር ያመሳክሩ። ባል ሳያማክር የወሰደውን ብድር ሚስት ዝም ብላ መሸከም የለባትም፤ ሚስት ለወሰደችውም እንዲሁ።

የአጎትዎ መሬት ጉዳይ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም። «ቤቱን ነው የሸጥኩት» ተብሎ የእርሻ መሬት ሲተላለፍ ገዢው ገንዘቡን አውጥቶ ውሉ ይፈርስበታል። አጎትዎ በደብተሩ የተረጋገጠ ይዞታውን ሊያከራይዎት ይችላል፤ ኪራዩ ግን በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የቀበሌ ሊቀመንበር ያተመበት ደብዳቤ ይህን ምዝገባ አይተካም። ደብተሩ ላይ የአጎትዎ ሚስት ስም ካለ እሷም መፈረም አለባት። የእርሻ ቦታ ላይ ወፍጮ ለመትከል የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ፈቃድም ስለሚያስፈልግ ሲሚንቶ ከመግዛትዎ በፊት ጠይቀው በጽሑፍ ይቀበሉ።

ከወንድምዎ ጋር ያዋጣችሁትንም ጻፉ፦ ማን ስንት አወጣ፣ ትርፍና ኪሳራ እንዴት ይካፈላል፣ አንዱ ልውጣ ቢል ወፍጮው እንዴት ይገመታል። «ወንድሜን እንዴት ወረቀት እጠይቃለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ያቆማቸው ያልተጻፈው ነው።

ግብር በዛብኝ ካሉ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰዎ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ያመልጣል። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት ወረዳው ያለውን የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የሚፈርሙትን ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ይዘውላቸው ይሂዱ።